አንድ የምትጨምር ቀለበት

አጎቴ ሀፊዝ ሃያ ፊት ያላትን ቀይ ጠጠር ከኪሱ ሲያወጣ እናቴ ብድግ ብላ የሳሎኑን በር ትዘጋለች። ይህን የምታደርገው ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጭጋግ እንዳይገባብን ይመስለኝ ነበር። ጭጋጉን ደግሞ እፈራው ነበር፤ ንጉሥ እንዳለው አውቃለኋ።

ስለ ንጉሡ የነገረን ራሱ ሀፊዝ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ከአንድ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ይሠራል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርቶ ሲወጣ ሚኒባስ ይይዝና የሀረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥቶ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ እኛ ቤት ከች ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከጓደኛው የተማረውን ጨዋታ ያመጣልናል። ጨዋታው እንደ ሉዶ ሰሌዳ የለውም። ሀፊዝ ተረት ይጀምራል፤ እኛ ተረቱ ውስጥ እንገባለን።

«ገደል አፍ ላይ ደርሳችኋል» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ድልድዩ ተሰብሯል። ከኋላችሁ የጅብ መንጋ እየመጣ ነው። ምን ታደርጋላችሁ?»

የምናደርገውን እንናገራለን። መሳካት አለመሳካቱን የምትወስነው ቀይዋ ጠጠር ናት፤ ትልቅ ቁጥር ከመጣ ይሳካል፣ ትንሽ ከመጣ ጉድ ይፈላል።

ታላቅ ወንድሜ ፈሪድ ጦረኛ ነበር። እኔ ደግሞ ጠቢብ ነበርኩ፤ ከመዳፌ እሳት አወጣለሁ፣ የቦርከናን ወንዝ ባለበት አቆማለሁ። መጀመሪያ ሀፊዝ «አስማተኛ» ብሎኝ ነበር። እናቴ ረሂማ ከጓዳ ሰምታ «በቤቴ ሲህር አይጠራም!» ብላ ስትጮህ እዚያው ጠቢብ ሆኜ ቀረሁ፤ የምሠራውም «ጥበብ» ተባለ።

ሦስተኛዋ ተጫዋች ቲቸር ረውዳ ነበረች። የደጋን ከተማ ልጅ ናት፤ ደሴ ሂሳብ ታስተምራለች፣ ከግቢያችን አንዷን ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። አንድ ቅዳሜ ክብሪት ልትዋስ ገብታ ጨዋታችንን ቆማ ስታይ፣ ቁጭ ብላ ስታይ፣ በመጨረሻ «እኔስ ምን ልሁን?» አለች። ሀፊዝ ፈዋሽ አደረጋት። ከዚያ ወዲህ ክብሪት ባያልቅባትም ትመጣ ጀመር።

እናቴ ለጎረቤታችን ለእትዬ ይታይሽ «ልጆቹ አብረው እስካሉ ድረስ ነውር የለውም» ስትላት ሰምቼ ነበር። እንዴት እንደኮራሁ! ያለ እኔና ያለ ፈሪድ ጨዋታው እንደማይሆን እናቴም አውቃለች ማለት ነው።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ይዣለሁ፤ ቢሆንም ያኔ ቅዳሜን የጠበቅሁበትን ጉጉት ለሌላ ለምንም ነገር አግኝቼው አላውቅም።

*

አንድ ቅዳሜ ከቦርከና ድልድይ ስር የተቀበረ ሣጥን አገኘን። ሣጥኑን ለመክፈት ፈሪድ ትከሻውን ሰበረ፤ ቲቸር ረውዳ ጠገነችው። ሀፊዝ ወደ እኔ ዞረ።

«ቢልቂስ፣ ውስጡ ለጠቢብ የሚሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱን ብቻ ነው የምትወስጂው። ቀለበቷን ካደረግሻት በምትሠሪው ጥበብ ሁሉ ላይ አንድ ትጨምርልሻለች፤ ዛሬም፣ ነገም፣ ሁልጊዜም። ዱላውን ከመረጥሽ አምስት ይጨምርልሻል። ግን አንዴ ብቻ። ከዚያ ይሰበራል።»

«ዱላው!» አለ ፈሪድ ከመቀመጫው ተነስቶ። «አምስት እኮ ነው! አንድ ምን ታደርጋለች? ሃያ ፊት ነው ያላት፤ ከሃያ ውርወራ አንዴ ብትጠቅምሽ ነው!»

እኔም ልቤ ወደ ዱላው ነበር። አምስት ማለት እኮ ብዙ ነው። ግን ሁልጊዜ የሚለው ቃልም ያጓጓል። ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አሰብኩ።

«ቲቸር፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት ሀፊዝ።

ቲቸር ረውዳ የሂጃቧን ጫፍ በጣቷ መጠቅለል፣ መፍታት፣ መጠቅለል ያዘች። «ፈሪድ እውነቱን ነው» አለች። «ከሃያ አንዴ ናት። ግን ያቺ አንዷ የትኛዋ እንደሆነች ቀድሞ የሚነግረን የለም። ዱላውን ደግሞ ቢልቂስ የሚቀጥለው የባሰ ይሆናል እያለች ይዛው ትዞራለች። ሳትጠቀምበት ልትሞት ትችላለች።»

«ስለዚህ?» አላት ሀፊዝ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «አንዴ የሚመጣ ትልቅ ነገር ይሻላል፣ ወይስ ሁልጊዜ አብሮ ያለ ትንሽ?»

«እያሰብኩበት ነው» አለችው፤ ዓይኗን ግን ከወለሉ አላነሳችም።

በደስታ ልፈነዳ! አንዲት ትልቅ ሰው፣ ያውም የሂሳብ አስተማሪ፣ ለእኔ ቀለበት ይህን ያህል ስትጨነቅ! ያን ሰሞን ከጂዳ የተመለሰ፣ ፒያሳ ላይ ፎቅ የጀመረ ሰው ረውዳን ጠይቆ መልስ እየጠበቀ እንደነበር የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሀፊዝ በእጁ የነበረው ወርሃዊ ደመወዙና ቅዳሜው ብቻ ነበር።

በነጋታው ረውዳን ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። «ቲቸር፣ ወሰንሽ?» አልኳት።

ደንግጣ ዞረች። «ምኑን?»

«ቀለበቷን ነዋ! ወይስ ዱላው?»

ፊቷ ቀላ። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ እየባሰባት ሄዶ ገመዱን ይዛ ቆመች። «ቀለበቷን ያዢ» አለችኝ። «እኔ ብሆን ቀለበቷን ነው።»

ቅዳሜ ሀፊዝ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በሩ ላይ ነገርኩት፦ «ቀለበቷን! ቲቸርም ቀለበቷን ነው ያለችው!» ሀፊዝ አቅፎ ወደ ላይ አነሳኝና አሽከረከረኝ። ጠቢብነቴን ያደነቀ መሰለኝ።

*

የቀለበቷን ጥቅም ያየነው ሀረጎ ላይ ነው። የጭጋጉ ንጉሥ አሽከሮች በጠመዝማዛው መንገድ ከበቡን። ፈሪድ ሦስቱን ጥሎ አራተኛው ገፈተረው፤ ገደሉ ላይ በአንድ እጁ ተንጠለጠለ። ከታች ኮምቦልቻ ትታያለች፣ ትንሽ፣ እንደ ፈሰሰ ጥሬ የተበታተነች።

«ጣቶቹ እየላሉ ነው» አለ ሀፊዝ። «ቢልቂስ?»

«ነፋስ አስነሳለሁ! ከስር ነፋስ ይደግፈው!»

«አሥራ ሁለት ያስፈልግሻል።»

ጠጠሯን በሁለት እጄ ውስጥ አንቀጥቅጬ ወረወርኳት። ምንጣፉን አልፋ የሶፋው እግር ጋ ተጋጭታ ቆመች። ሁላችንም በእንብርክካችን ሄድን። አሥራ አንድ።

ፈሪድ «ሞትኩ» አለ፤ የምሩን ነበር፣ ከንፈሩ ደርቆ።

«ቀለበቷ!» ብላ የጮኸችው ቲቸር ረውዳ ናት። «አንድ ትጨምራለች! አሥራ ሁለት ሆነ! አሥራ ሁለት ነው!»

ቤቱ ተደበላለቀ። ፈሪድ አቀፈኝ፣ እኔ ትራስ ወረወርኩ፤ ሀፊዝና ረውዳ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዘለሉ። እናቴ ከጓዳ በር ላይ ሳል አሰማች፤ አንዴ፣ ደግማ፣ ከበድ አድርጋ። ሁለቱ እንደ ጋለ ብረት ተለቃቀቁ። እኔ ለእናቴ አዘንኩላት፤ ጭጋጉ በሆነ ቀዳዳ ገብቶ ጉሮሮዋን የያዛት መሰለኝ። ማታ ላይ ጦስኝ የገባበት ሻይ ይዤላት ስሄድ ግራ ገብቷት አየችኝ።

*

ክፉውን ወሬ የሰማሁት ከስልክ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ጂቡቲ መስመር ላይ ሆኖ እናቴን ሲያናግራት እኔ መጋረጃው ጀርባ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ።

«ሽማግሌዎቹን እናስብበታለን ብለው መለሷቸው» አለችው እናቴ። «ጠጠር ይወረውራል ብሎ አንዱ ነግሯቸዋል። አዎ፣ ሀጂ ጀማሉዲን። ራሳቸው ሊያዩ ከደጋን ይመጣሉ አሉ። እሳቸው እምቢ ካሉ አበቃ፤ እኔን ያስፈራኝ ያ ነው።»

እርሳሴ ከእጄ ወደቀ። ጨዋታችንን ሊያስቆሙ ነው! ሀጂ ጀማሉዲን የሚባሉ ሰው አሉ፤ ሽማግሌ ተልኮባቸው እንኳ አልተመለሱም፤ ስለ ጠጠር ሊፈርዱ ከደጋን ድረስ ይመጣሉ!

ሮጬ ለፈሪድ ነገርኩት። ፈሪድ ብዙ አሰበና «ከመጡ ጠጠሯን እውጣታለሁ» አለ።

«ታንቀህ ትሞታለህ!»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እንነግራቸዋለን። ደንቡን በሙሉ እናስረዳቸዋለን። ከገባቸው አይከለክሉንም።»

ያን ሳምንት ሙሉ ንግግሬን ተለማመድኩ። ትምህርት ቤት ስሄድ እለማመዳለሁ፣ የቁርአን ቂርአት ስሄድ እለማመዳለሁ። ሀፊዝንም ስልክ ደውዬ እንዳላስጠነቅቀው እናቴ ስልኳን ከጉያዋ አታወጣም።

*

የመጡት ቅዳሜ፣ የከሰዓት በኋላው ዐስር ሰላት ተሰግዶ ካበቃ በኋላ ነው። እኛ ጦሳ አናት ላይ ወጥተን ከጭጋጉ ንጉሥ ጋር ፊት ለፊት ቆመናል። ፈሪድ ወድቋል። የረውዳ መድኃኒት አልቋል። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ጠጠሯ በእጄ ናት። ያኔ በሩ ተንኳኳ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ቤቶች!»

ሀጂ ጀማሉዲን ረዥም ሽማግሌ ናቸው፤ ነጭ ኮፍያ፣ ከዘራ፣ በሂና የቀላ ጢም። አብራቸው ጥቁር የለበሰች፣ ፊቷ የከሳ ሴት ገባች። «ትልቋ ልጄ ራቢያ ናት» አሉ። ቲቸር ረውዳ ዘላ ተነስታ የአባቷን እጅ ሳመች፤ የቲቸር አባት መሆናቸውን ስሰማ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ገዛ አባቷ ሊከለክሏት! ረውዳ ሻይ ለማቅረብ ወደ ጓዳ ገባች። እናቴ የጨዋታ ነጥባችንን የምንጽፍባቸው ወረቀቶች ላይ ሻርፕ ጣለችባቸው።

«ጨዋታ ላይ ናችሁ አሉ» አሉ ሀጂ፣ ከተቀመጡ በኋላ።

ሀፊዝ ሻርፑን ራሱ አነሳው። ጠጠሯንም ከእጄ ወስዶ ፊታቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። «አዎ ሀጂ። ይችውት።»

ሀጂ ጠጠሯን እንደ ጊንጥ አዩዋት። አሁን ነው፣ አልኩ በልቤ፤ ብድግ አልኩ።

«ሀጂ! ወላሂ ሲህር አይደለም! ጥበብ ነው!»

«ቢልቂስ!» አለች እናቴ።

«ተያት፣ ትናገር» አሉ ሀጂ።

የተለማመድኩት ንግግር ብን ብሎ ጠፋ። በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ቦርከናን፣ ሣጥኑን፣ ቀለበቷን፣ የሀረጎውን ነፋስ፣ አሥራ አንድ መጥቶ አንድ ስትጨመር ፈሪድ መትረፉን። ስጨርስ እያለከለክሁ ነበር። ያቺ ራቢያ የተባለችው ከወንበሯ ወርዳ ፊቴ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ስትሸነፊ ምን ይወስድብሻል?» አለችኝ።

«ማን?»

«አጎትሽ።»

«ምንም። አንዴ ሞቼ ነበር። ሳለቅስ የራሱን ሳምቡሳ ሰጠኝ፣ ከዚያ ቲቸር አዳነችኝ።»

«ስታሸንፊስ? ምን ታገኛለሽ?»

«ምንም! ደስ ይለኛላ።»

ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። «ስትሸነፊ ‹አንዴ ድገሚ፣ አሁን ይመለሳል፣ አንዴ ብቻ› ይልሻል?»

«እንደሱ የምለው እኔ ነኝ! እሱማ ‹ለዛሬ በቃሽ፣ ተነሺ ወደ ቂርአትሽ› ነው የሚለው። ብለምነውም አይሰማም።»

ራቢያ ወደ ሀፊዝ ቀና ብላ ብዙ ጊዜ አየችው። ከባድ ዳኛ መሰለችኝ። ከባድ ዳኛም ነበረች። ባሏ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ፣ በመጨረሻ የሠርግ አምባሯን ሳይቀር በቁማር አጥቶባት ደጋን አባቷ ቤት ተመልሳ ነበር። «እህቴን ለጠጠር ወርዋሪ አትስጧት» ብላ አባቷን የለመነች እሷ ናት፤ እምቢታው በሀጂ አፍ ይነገር እንጂ የእሷ ነበር። ይህን ራሷ ነገረችኝ፣ እኔ ትልቅ ከሆንኩ በኋላ፣ ሀፊዝ ቤት ቁጭ ብለን። «ያኔ አንቺን ስጠይቅሽ የምትመልሺውን እየፈራሁ ነበር» አለችኝ። እኔ ግን መፍራቷን አላየሁም፤ ጠጠሯን ነበር የማየው።

ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቺን ጠጠር ግን አልወዳትም። በዲናችን የተጠላች ናት። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከኮፍያ ብታወጡትስ? ይበላሻል?»

«አይበላሽም ሀጂ» አለ ሀፊዝ። «ያው ነው።»

ሀጂ ኮፍያቸውን አውልቀው ሰጡት! ወረቀት ቀደድን፣ ከአንድ እስከ ሃያ ጻፍን፣ ጠቀለልን፣ ኮፍያው ውስጥ በጠበጥነው። ሀጂ በከዘራቸው ተደግፈው ወደ ፊት አዘነበሉ።

«ምን ላይ ነበራችሁ?»

«ንጉሡን ልገድል! አሥራ አራት ያስፈልገኛል፤ በቀለበቴ አንድ ስላለኝ አሥራ ሦስት ይበቃኛል!»

«እሺ፣ ቢስሚላህ በይና አውጪ።»

ረውዳ የሻይ ትሪ ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። እጄን ከተትኩ። አንዷን ያዝኩ፣ ለቀቅኩ፣ ሌላዋን ይዤ አወጣሁ። ፈሪድ ነጥቆኝ ገለጠው።

«አሥራ ሁለት» አለ።

«ከቀለበቷ ጋር አሥራ ሦስት» አለ ሀፊዝ ቀስ ብሎ። «አልደረሰም።»

«ዱላውን መርጠሽ ቢሆን!» ብሎ ጮኸ ፈሪድ። «አሥራ ሰባት ነበር! ብያችሁ ነበር!»

«ዝም በል አንተ!» አለችው ረውዳ ከበሩ።

«ስንት ነው የጎደላት?» አሉ ሀጂ።

«አንድ።»

«አንድ?» ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ለአንድ ብለህ ልጅቷን ልታስለቅሳት ነው? ጨምርላት እንጂ ልጄ! ስለ እኔ ስትል ጨምርላት!»

እናቴ ከሀጂ ጀርባ ሆና ለሀፊዝ በዓይኗም፣ በቅንድቧም፣ በአገጯም «ጨምር! ጨምር!» ትለዋለች። ሀፊዝ ግንባሩን አላበው። ወደ ሀጂ አየ፣ ወደ ጓዳው በር አየ። ከዚያ ወደ እኔ።

«ሀጂ፣ ያዘዙኝን ሁሉ ብፈጽም ደስ ባለኝ» አለ። «ይቺን ግን አልችልም። ዛሬ አንድ ብሰጣት እስከ ዛሬ በራሷ ያሸነፈችውን ሁሉ እወስድባታለሁ። ከእንግዲህ ባሸነፈች ቁጥር እኔ የሰጠኋት ይመስላታል።»

እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ ማልቀስ ጀምሬያለሁ፤ ንጉሡ አሸንፏል፣ ሀጂም ተቆጥተዋል፣ አበቃ። በለቅሶዬ መሃል አንድ እንግዳ ድምፅ ሰማሁ። ራቢያ እየሳቀች ነው። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ትስቃለች።

«አባ» አለች፣ «ይሄ ሰው ቁማርተኛ አይደለም። ቁማርተኛማ እሺ ማለት ይችልበታል።»

ሀጂ ጀማሉዲን ልጃቸውን አዩዋት፤ ለረዥም ጊዜ ሳቋን እንዳልሰሙ ሰው። ከዚያ ተነሱ። ኮፍያቸውን ብድግ አድርገው ራሳቸው ላይ ሲደፉት ወረቀቶቹ ትከሻቸው ላይ፣ ጢማቸው ላይ ዘነቡ። አልነኳቸውም።

«ረሂማ» አሏት እናቴን። «ሽማግሌዎቻችሁን መልሳችሁ ላኳቸው።»

እናቴ እልል አለች። እንዲህ ያለ እልልታ ከእናቴ ጉሮሮ ሰምቼ አላውቅም፤ መስኮቱ ነዘረ። ረውዳ ትሪውን ለፈሪድ አሸክማው ጓዳ ገባች፤ ሀፊዝ የሀጂን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ጠረጴዛውን ገለበጠው።

ተፈቀደልን! ተሸንፌም እንኳ ተፈቀደልን! እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ በባዶ እግሬ ወደ ግቢው በረርኩ። እልልታውን የሰማች እትዬ ይታይሽ ሳሙና በእጇ እንደያዘች ከቤቷ ወጥታ ነበር።

«ምንድን ነው? ምን ተገኘ?»

«ተፈቀደልን እትዬ! ሀጂ እሺ አሉ!»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ሳሙናውን ጥላ እርጥብ እጇን አንገቴ ላይ ጠመጠመች፣ ጉንጮቼን አገላብጣ ሳመችኝ። «እኔ ብዬ ነበር! እንኳን ደስ ያላችሁ!» እሷም እልል አለች፤ ከወዲያኛው ግቢ ሌላ ሴት ተቀበለቻት፣ ከላይ ሰፈር ደግሞ ሌላ። ሆጤ በሙሉ ለጨዋታችን እልል አለ። ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ።

«መቼ ነው ታዲያ?» አለችኝ እትዬ ይታይሽ፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች።

«በየሳምንቱ ቅዳሜ!» አልኳት።